ፍላጻው ከእጅ ከወጣ በኋላ ተጠያቂው ማን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

አንድ ሰው ፍላጻ አስፈንጥሮ አንድን እንስሳ ቢያቆስልና እንስሳው ከዓይኑ ቢሰወር፣ የዚያ ሰው ኃላፊነት የት ላይ ያበቃል? ቃታውን ሲስብ ነውን? ፍላጻው ሲያርፍ ነውን? ወይስ እንስሳው ወደ ወደቀበት ጥሻ ድረስ ይከተለዋል? ጥያቄው አዳኞችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን ሁላችንም አንዴ ከእጃችን ካወጣነው በኋላ ልንመልሰው የማንችለው ነገር ስላለን፣ መልሱ ከአዳኝ አልፎ ሁላችንንም ይነካል ብዬ አምናለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ከሦስት ዓመት በፊት በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ያየሁት ነገር ነው። አንድ ወዳጅ አለኝ። የወሎ ሰው ነው። ልጅነቱን በቂርአት ያሳለፈ፣ ፊቅህን በሐነፊይ መዝሀብ ከሸኾቹ እግር ሥር ቁጭ ብሎ የቀራ፣ ዛሬ ግን በአንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ነው። አብሮት የሚሠራ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያድን የኖረ፣ አደን አስተማረው። ወዳጄም «ቢስሚላህ ብዬ በገዛ እጄ ያገኘሁትን ሐላል ሥጋ ለልጆቼ አበላለሁ» በሚል ኒያ ፈቃድ አውጥቶ ገባበት። በዚያ አገር የአጋዘን አደን በቀስት የሚፈቀድበት ወቅት ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጥር መገባደጃ ድረስ የሚዘልቅ ሲሆን፣ ክሮስቦ የሚባለውም መሣሪያ በዚሁ ወቅት ይፈቀዳል።

ክሮስቦ ማለት እንደ ጠመንጃ ሰደፍና ቃታ ባለው እንጨት ላይ አግድም የተገጠመ ቀስት ነው። ገመዱ ወደ ኋላ ተስቦ ይቆለፋል፤ ፍላጻው በቦዩ ላይ ይቀመጣል፤ ቃታው ሲሳብ ይወረወራል። ለእስልምናው ዓለም አዲስ አይደለም። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሙርዳ አጥ-ጠርሱሲ የተባሉ ጸሐፊ ለሱልጣን ሰላሁዲን ባዘጋጁት የጦር መሣሪያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ልዩ ልዩ የክሮስቦ ዓይነቶች ጽፈዋል። የዛሬው ግን በመነጽር የሚነጣጠርበት፣ ፍላጻውንም በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ የሚያስወነጭፍ ሆኗል።

የዚያን ዕለት እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ አጋዘን ከጫካው ወጣ። ርቀቱ 45 ሜትር ያህል ነበር። ሽማግሌው በእጁ «ተው፣ ይቅረብ» የሚል ምልክት ቢሰጠውም ወዳጄ ቢስሚላህ ብሎ ተኮሰ። ገመዱ ጮኸ፤ አጋዘኑ ዝቅ ብሎ ተፈናጠረና ጠፋ። ፍላጻው የት እንዳረፈ ከሦስታችን ማናችንም አላየንም። ሄደን ስንፈልገው ፍላጻውን መሬት ላይ አገኘነው። በላዩ ላይ ያለው ደም ጥቂት ነው፤ አረንጓዴ ቡናማ ፈርስ ለድፎበታል፤ ይሸታል። ሽማግሌው አሽትቶ ራሱን ነቀነቀ። «ሆዱን ነው የመታኸው። አሁን ብንከተለው ደንግጦ ይሮጣል፤ አናገኘውም። ሌሊቱን መተው አለብን» አለ።

ወዳጄ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «እኔ የቀራሁት፣ ከፍለጋ የተቀመጠ ሰው በኋላ ሞቶ ያገኘውን አይበላም የሚል ነው። አሁን ሄጄ ብተኛ ሐራም ይሆንብኛል። ብከተለው ደግሞ አርቄ አባርሬ አሠቃየዋለሁ። ምን ላድርግ ወንድሜ?» አለኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም። ወደ ቤት አልተመለስንም። መግሪብንና ዒሻን በጫካው ዳር ሰግደን በመኪና ውስጥ አደርን። ሱብሒን እንደሰገድን ዱካውን ተከተልን። ከብዙ ድካም በኋላ አጋዘኑን በአንድ ጅረት ውስጥ፣ ግማሽ አካሉ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ፣ ሞቶ አገኘነው።

ውሃ ውስጥ! ሐዲስ የቀራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ወዳጄ ገና እንዳየው «አለቀ፣ አይበላም» አለ። ከዚያም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ «የሥጋው ነገርስ ተፈታ። የሌሊቱ ነገር ግን አልተፈታልኝም» አለኝ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሌሊት ነው።

የዐዲይ ጥያቄዎች

ዐዲይ ኢብን ሓቲም (ረ.ዐ.) በቸርነቱ የታወቀው የሓቲም አጥ-ጣኢይ ልጅ ነው። አደን የሚወድ ሰው ስለነበር፣ ከሰለመ በኋላ ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀርቦ ስለ አደን ደጋግሞ ጠይቋል። መልሶቹ በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባዎች ተጠብቀው ቆይተውናል። ፍሬ ሐሳባቸውን ላስታውስ። ፍላጻውን ሲለቅ የአላህን ስም እንዲያወሳ ታዘዘ። በወርዋሪው ስለታም ጫፍ ተወግቶ የሞተውን እንዲበላ፣ በጎኑ ተመትቶ የሞተውን ግን ተደብድቦ እንደሞተ ስለሚቆጠር እንዳይበላ ተነገረው። እንስሳው ከተሰወረበትና ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ከገዛ ፍላጻው ምልክት በስተቀር ሌላ ምንም ሳይኖርበት ካገኘው መብላት ተፈቀደለት። ውሃ ውስጥ ወድቆ ካገኘው ግን አይበላም፤ ምክንያቱም የገደለው ውሃው ይሁን ፍላጻው አያውቅም።

እነዚህን መልሶች ልብ ብሎ ላስተዋለ፣ ሁሉም በአንድ ነገር ላይ ያርፋሉ፤ እርሱም ማወቅ ነው። ምን ዓይነት ስለት እንደተጠቀምክ፣ በየትኛው በኩል እንደመታ፣ በእንስሳው ላይ የማን ምልክት እንዳለ፣ በምን እንደሞተ ማወቅ አለብህ። ሸሪዓው አዳኙን «ኒያህ ጥሩ ነበርን?» በማለት ብቻ አላለፈውም። ከመወርወሩ በፊትና ከወረወረ በኋላ ያለውንም ጠየቀው። እኔ እንደሚገባኝ የፍላጻ አደን አንድ ሥራ ሲሆን ሦስት ክፍል አለው፤ ስለቱን መምረጥ፣ የፍላጻውን ጉዞ ማወቅና የቆሰለውን መፈለግ ናቸው። ከሦስቱ አንዱን የዘነጋ ሰው ሌሎቹን ሁለቱን ቢያሳምርም ሥራው ጎዶሎ ነው።

ስለቱን መምረጥ

ጥይትና ፍላጻ አገዳደላቸው የተለያየ ነው። ጥይት በከፍተኛ ኃይሉ አካልን ያናጋል። ፍላጻ ግን የሚገድለው ቆርጦ፣ ደም በማፍሰስ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ጫፉ ላይ ባለው ምላጭ ይወሰናል። ለአጋዘን የሚሆኑት ጫፎች በአብዛኛው 100 ወይም 125 ግሬን፣ ማለትም ከስድስት ተኩል እስከ ስምንት ግራም ገደማ የሚመዝኑ ናቸው። በዓይነታቸውም በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ቋሚ ስለት ነው፤ ምላጮቹ ሁልጊዜ የተዘረጉ ናቸው። የሚታጠፍና የሚከፈት ነገር ስለሌለው ጠንካራና አስተማማኝ ነው። ሆኖም የተዘረጋው ምላጭ እንደ ክንፍ ነፋስ ስለሚይዝ፣ በተለይ በፈጣን ክሮስቦ ላይ ፍላጻው ትንሽ ጠማማነት ካለበት ከመሥመሩ ያወጣዋል። ሁለተኛው ታጣፊ ስለት ነው፤ በጉዞ ላይ ታጥፎ ይሄድና ሲመታ ይከፈታል። ቀጥ ብሎ ይበርራል፤ ሲከፈትም ሰፊ ቁስል ይከፍታል። ነገር ግን ለመከፈት ከኃይሉ ጥቂት ያጠፋል፤ እንስሳውን በሰያፍ ሲያገኘው ደግሞ ተንሸራትቶ ሊያልፍ ወይም በትክክል ላይከፈት ይችላል።

የትኛው ይሻላል? አዳኞች በዚህ ላይ ሲከራከሩ ይኖራሉ። ለእኔ ግን ከክርክሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ምርጫው በምን እንደሚደረግ ነው። ሰው በማሸጊያው ላይ ባለው አስፈሪ ሥዕል፣ ወይም በዋጋው ርካሽነት መርጦ ገዝቶ በቀጥታ ወደ ጫካ ሊሄድ ይችላል። ጥንቁቁ ሰው ግን ስለቱን ከገጠመ በኋላ ፍላጻውን በጣቱ ላይ አሽከርክሮ ጫፉ የሚወላገድ መሆን አለመሆኑን ያያል። ለልምምድ በሚውለው ሹል ጫፍ የተስተካከለ መነጽር በምላጩ ጫፍ ላይ ላይሠራ እንደሚችል ስለሚያውቅ፣ በዚያው በሚያድንበት ዓይነት ስለት ዒላማ ላይ ይሞክራል። በልምምድ የዶለዶመውን ምላጭም ለእንስሳ አያውለውም፤ ይስለዋል ወይም ይለውጠዋል።

ይህ ጥንቃቄ ከዲናችን ውጭ ያለ የእጅ ሙያ ብቻ አይደለም። ሸዳድ ኢብን አውስ (ረ.ዐ.) ካስተላለፉትና ሙስሊም ከዘገቡት ሐዲስ እንደምንረዳው፣ አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን ደንግጓል። የሚያርደውም ሰው ቢላዋውን እንዲስልና የሚያርደውን እንስሳ እንዲያሳርፍ ታዟል። በቢላ ላይ የታዘዝነው በፍላጻ ጫፍ ላይ የሚቀርበት ምክንያት የለም። እንዲያውም በቢላ የሚያርድ ሰው ስለቱ ቢዶለዱምበት እንስሳው በእጁ ስለሆነ ሌላ ቢላ ሊያመጣ ይችላል። ፍላጻ የለቀቀ ሰው ግን ስሕተቱን የሚያርምበት ሁለተኛ ዕድል የለውም። ስለዚህ የእርሱ መሳል በቤቱ፣ ማንም ሳያየው፣ በፊት የሚፈጸም ዒባዳ ነው።

እዚህ ላይ በዚያ አገር ያሉ ወንድሞች ሊጠነቀቁበት የሚገባ አንድ ነገር ልጠቁም። ለጥንቸልና ለመሳሰሉት ትንንሽ እንስሳት ተብሎ የሚሸጥ፣ ስለት የሌለው ዱልዱም የፍላጻ ጫፍ አለ። የሚገድለው በምት ኃይል ብቻ ነው። ለዐዲይ በጎኑ ስለተመታው የተነገረውና በአል-ማኢዳ ምዕራፍ 3ኛ አንቀጽ ተደብድቦ ስለሞተው የተደነገገው ይህንኑ ይመለከታል። ዱልዱሙ ጫፍ የገደለው፣ ነፍሱ ሳትወጣ ተደርሶበት ካልታረደ በስተቀር፣ ምንም ያህል ቢስሚላህ ቢባልበት አይበላም። የቀደሙት ዑለማዎች በቀስት የሚወረወረውን የጭቃ እንክብል በዚሁ ሚዛን መዝነውታል። ኋላም ጠመንጃ ሲመጣ ብዙ ተከራክረውበታል፤ በ1834 (እ.ኤ.አ.) ያረፉት የየመኑ ዓሊም አሽ-ሸውካኒይ ጥይት በስቶ የሚገባ በመሆኑ ያደነው ሐላል ነው ብለዋል። እንግዲህ በገበያ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ ለሙስሊም አዳኝ አንድ አይደለም። መደርደሪያው ፊት ቆሞ የሚመርጥ ሰው ፊቅህ ላይ ቆሟል።

የፍላጻው ጉዞ

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ስለቱ ጥሩ ነበር፤ የሳተው በሁለተኛው ነገር ነው። ፍላጻ ምንም ቢፈጥን ከድምፅ አይፈጥንም። በሰከንድ 110 ሜትር የሚጓዝ ፍላጻ 40 ሜትር ለመድረስ ከአንድ ሦስተኛ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። የገመዱ ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከሰከንድ አንድ ስምንተኛ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የእንስሳው ጆሮ ጋ ይደርሳል። በመካከሉ ሩብ ሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ አለ። አጋዘን ለመሮጥ ሲነሳ መጀመሪያ እግሮቹን አጥፎ ዝቅ ይላል። ፍላጻው ሲደርስ እንስሳው ሲነጣጠርበት የነበረበት ቦታ ላይ የለም።

በዚህ ላይ የርቀት ግምት አለ። ፍላጻ እየሄደ ይወድቃል። በዚህ ፍጥነት 50 ሜትር ላይ ያለውን እንስሳ 40 ሜትር ነው ብሎ የተኮሰ ሰው፣ የነፋሱን ነገር ትተን፣ ሃያ ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። የልብና የሳንባው ሥፍራ ስፋቱ ከዚያ ብዙ የሚበልጥ አይደለም። የአሥር ሜትር የግምት ስሕተት በንጹሕ ሞትና በአንድ ሌሊት ሥቃይ መካከል ያለውን ልዩነት ያመጣል ማለት ነው።

ዛሬ ዛሬ በፍላጻው ጅራት ላይ የሚገጠም፣ ፍላጻው ሲወረወር የሚበራ ትንሽ መብራት አለ። አዳኙ በጨለማም ቢሆን ፍላጻው እንዴት እንደተጓዘና የት እንዳረፈ ያያል፤ ፍላጻውንም ፈጥኖ ያገኘዋል። አንዳንድ ሰው እንደ ጌጥ ያየዋል። እኔ ግን ከዚያ ምሽት ወዲህ እንደ ምስክር ነው የማየው። የወዳጄ ፍላጻ ያ ብርሃን ቢኖረው ኖሮ የት እንዳረፈ ወዲያውኑ ባወቅን ነበር። ሆኖም ብርሃኑ የሚያሳየው የሆነውን ነው፤ የሚሆነውን አይለውጥም። የሚሆነውን የሚወስነው «ይቅረብ» ብሎ መታገሥ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጠጠር በጣት መወንጨፍን ከልክለዋል። ምክንያቱንም ሲገልጹ ጠላትን የማይጎዳ፣ አደንንም የማይጥል፣ ዓይን የሚያጠፋና ጥርስ የሚሰብር መሆኑን አመልክተዋል። ዐብዱላህ ኢብን ሙገፈል (ረ.ዐ.) ይህን ካስተላለፉ በኋላ እየሰማ የደገመውን ዘመዳቸውን ክፉኛ ገሥጸውታል። እንዲሁም ነፍስ ያለውን ነገር ለመወርወሪያ ዒላማ ማድረግ በጽኑ የተወገዘ ነው። በእነዚህ ሁለት ክልከላዎች ውስጥ አንድ መልእክት አለ፤ ሳይጥል የሚጎዳ ውርወራ በአላህ ዘንድ የተጠላ ነው። አንድ አዳኝ ከችሎታው በላይ በሆነ ርቀት «እስቲ ልሞክር» ብሎ ከተኮሰ፣ ስሙ አደን ይሁን እንጂ፣ እንስሳውን የችሎታው መለማመጃ አድርጎታል። ፍርዱን ለዑለማዎች እተዋለሁ፤ ልባችን ግን ልዩነቱን ያውቀዋል።

ፍለጋው

ሦስተኛው ክፍል ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ደስታው ካለፈ በኋላ የሚመጣ ድካም ነው። ልምድ ያለው አዳኝ ፍላጻውንና ደሙን እንደ መጽሐፍ ያነብባል። ደማቅና አረፋ ያለበት ደም የሳንባ ነው፤ እንዲህ ያለው እንስሳ ብዙ አይርቅም፤ በተለምዶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ጠቆር ያለ ደም የጉበት ነው፤ አራት ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ፈርስ የተቀላቀለበት የሆድ ምት ነው፤ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል ይላሉ። የሆድ ቁስለኛ ሳይረበሽ ከተተወ ቅርብ ቦታ ላይ ይተኛል። ከተረበሸ ግን እየደማ ኪሎ ሜትሮችን ሊሄድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሥቃዩም ይረዝማል፣ የሚያገኘውም የለም።

ዑለማዎቻችን ይህን ሁኔታ ሳያዩት አላለፉም። በሐነፊይ መዝሀብ የቆሰለው እንስሳ ከተሰወረ በኋላ አዳኙ መፈለጉን ሳያቋርጥ ሞቶ ካገኘው ይበላል፤ ከፍለጋ ከተቀመጠ በኋላ ካገኘው ግን አይበላም። በሻፊዒይ መዝሀብ ብዙዎቹ ተሰውሮ ሞቶ የተገኘውን ሲከለክሉ፣ ኢማም አን-ነወዊ ግን በሐዲሱ መሠረት ሐላል የሚለው በማስረጃ የጠነከረ መሆኑን ገልጸዋል። አቡ ሠዕለባ አል-ኹሸኒይ (ረ.ዐ.) ካስተላለፉት ሐዲስ ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ የተገኘም ቢሆን እስካልሸተተ ድረስ መበላቱን እንረዳለን።

የሐነፊዮቹ መስፈርት በጣም አስደንቆኛል። የሥጋውን ሐላልነት ከአዳኙ እግር ጋር አሰሩት። ፈላጊ ከሆንክ ያንተ ነው፤ ከተቀመጥክ ያንተ አይደለም። ሥጋው ያው ሥጋ፣ ቁስሉም ያው ቁስል ሆኖ ሳለ የሚለየው ያንተ ሁኔታ ነው።

ታዲያ ወዳጄ በዚያ ሌሊት ተቀመጠ ወይስ ፈለገ? ፈትዋ የመስጠት ሥልጣን የለኝም፤ አጋዘኑ ውሃ ውስጥ ስለተገኘም የሥጋው ፍርድ በዚህ ላይ አልተንጠለጠለም። በሥነ ምግባር በኩል ግን የሚታየኝን ልናገር። ሁለት ዓይነት መቀመጥ አለ። አንዱ ሰው ደክሞት፣ ብርዱን ፈርቶ «ሌላ አገኛለሁ» ብሎ ወደ ሞቀ ቤቱ ይሄዳል፤ ይህ እንስሳውን ረስቶታል። ሌላው ሰው መከተሉ እንስሳውን እንደሚያሠቃየው ስላወቀ በጫካው ዳር፣ ዱካው ላይ ምልክት አድርጎ፣ ንጋትን እየጠበቀ ይቀመጣል፤ ይህ ልቡ አልተቀመጠም። የመጀመሪያው ትዕግሥት የመሰለ ስንፍና ሲሆን፣ ሁለተኛው ስንፍና የመሰለ ፍለጋ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም አንድ ናቸው። የሚለያቸው አላህ ብቻ ነው።

አል-ማኢዳ ምዕራፍ 94ኛ አንቀጽ ላይ፣ በኢሕራም ላይ የነበሩ ምእመናን እጃቸውና ጦራቸው በሚደርስበት አደን እንደሚፈተኑ፣ ይህም በሩቅ ሆኖ አላህን የሚፈራው ማን እንደሆነ ሊለይ መሆኑ ተገልጿል። አንቀጹ የወረደበት ምክንያት የተለየ ቢሆንም፣ አደን የተቅዋ ፈተና መሆኑን ያሳየናል። ጫካ ውስጥ ዳኛ የለም፤ ፖሊስ የለም፤ የሚያማ ጎረቤት የለም። ምላጩ የዶለዶመ መሆኑን፣ ርቀቱ የበዛ መሆኑን፣ ፍለጋው በአሥር ደቂቃ የተቋረጠ መሆኑን የሚያውቁት አዳኙና ጌታው ብቻ ናቸው።

ሁለት መቃወሚያዎች

ይህን ጉዳይ ለወዳጆች ሳጫውት ሁለት ዓይነት መልስ አጋጥሞኛል። አንዱ ወገን፣ «አላህ የወሰነው ነው፤ ፍላጻውን ያሳተው እርሱ ነው፤ ምን ያስጨንቃችኋል?» ይላል። አንዳንዱም በአል-አንፋል ምዕራፍ 17ኛ አንቀጽ ላይ ውርወራው ወደ አላህ መጠጋቱን ይጠቅሳል። በቀደር እናምናለን። ነገር ግን ያ አንቀጽ የነቢዩንም (ሰ.ዐ.ወ.) መወርወር ያወሳል፤ የሰውን ድርሻ አልሰረዘም። ግመሉን ሳያስር ተወከልኩ ማለት እንደማይበቃ የተማርነውም ከነቢያችን ነው። ቀደር ለደረሰብን መከራ መጽናኛ ነው፤ በሌላው ላይ ላደረስነው ጉዳት ግን መሸሸጊያ ሊሆን አይችልም። ድመት አስራ በረኃብ የገደለችው ሴት በዚያ ምክንያት መቀጣቷ በሐዲስ ተነግሮናል፤ የድመቷ ቀደር ነው ተብሎ አልታለፈችም።

ሌላው ወገን ደግሞ፣ «ሐላል ሥጋ በየሱቁ ሞልቶ ሳለ ፍጡርን በፍላጻ ማሠቃየት ለምን አስፈለገ?» ይላል። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ብሪታንያ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ የዱር እንስሳትን በቀስትም ሆነ በክሮስቦ መግደልን ከልክላለች። የጀርመንም የአደን ሕግ አጋዘንን የመሳሰሉ ባለ ሰኮና የዱር እንስሳትን በፍላጻ መምታትን ይከለክላል። ፍላጻ በተፈቀደበት በአሜሪካም፣ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ኢንዲያን ሄድ በተባለው የባሕር ኃይል ይዞታ ከ1989 እስከ 2006 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደ ጥናት፣ በዘመናዊ ቀስትና በክሮስቦ ከተመቱት አጋዘኖች ውስጥ ከመቶ 18 ያህሉ አልተገኙም። እነዚያ አዳኞች ችሎታቸው ተፈትኖ የገቡ ነበሩ። በተፈተኑ አዳኞች እጅ ይህ ከሆነ፣ ባልተፈተነው እጅ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም።

ይሁን እንጂ አላህ የፈቀደውን አደን እኔ ልከለክል አልችልም። በሱቅ የሚሸጠው ሥጋም ያለ ሥቃይ የመጣ ነው ብሎ የሚምል ሰው ካለ እርሱ እርድ ቤት ገብቶ አያውቅም። ፈቃዱ አለ። ፈቃዱ ግን ከነሸርጡ ነው። ሸርጡን ማሟላት የማይችል ወይም የማይፈልግ ሰው ፍላጻውን ሰቅሎ ከሥጋ ቤት ቢገዛ ለነፍሱ ይሻለዋል። ሐላል የሆነ ነገር ሁሉ ለሁሉም ሰው በማንኛውም ሁኔታ ተገቢ አይደለም።

መደምደሚያ

ወደ ተነሳሁበት ጥያቄ ልመለስ። የአዳኙ ኃላፊነት ቃታው ላይ አያበቃም፤ ፍላጻው ባረፈበትም አያበቃም። እንስሳው እስኪያርፍ ድረስ፣ ወይም አዳኙ አቅሙ የፈቀደውን ሁሉ ፈልጎ እስኪያጣው ድረስ ይከተለዋል። የሚጀምረውም ቃታው ላይ አይደለም፤ ገና በቤቱ ምላጩን ሲመርጥና ሲስል ይጀምራል። ፍላጻው በአየር ላይ የሚቆይበት ያ አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ብቻ ነው ከእርሱ ሥልጣን ውጭ የሆነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ዝግጅቱ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አማናው ነው።

ይህም በፍላጻ ላይ ብቻ የሚቆም አይመስለኝም። በአንድ ሰው ላይ ቃል ወርውረን ልቡን ካቆሰልን በኋላ «አልፏል» ብለን የምንቀመጥ ስንቶቻችን ነን? የት እንዳረፈ ሳንጠይቅ፣ የቆሰለው የት እንደገባ ሳንፈልግ! ነገሩን ሳያጣሩ ማውራት በዱልዱም ስለት እንደ መወርወር፣ ከአቅም በላይ ቃል መግባትም ከርቀት በላይ እንደ መተኮስ ነው። ዓፍው መጠየቅ ደግሞ ፍለጋ ነው፤ ብርድና ድካም አለበት።

ወዳጄ አደኑን አልተወም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ከ25 ሜትር በላይ አይተኩስም። በየዓመቱ ወቅቱ ሲቀርብ ማታ ማታ ቁጭ ብሎ ምላጮቹን አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ በፍላጻው ጅራት ላይም ያቺን መብራት ገጥሟል። ባለፈው ዓመት አንድም ጊዜ ሳይተኩስ ወቅቱ አለፈበት። «የሚመች ነገር አልመጣልኝም» አለኝ። ሽማግሌው አሜሪካዊ ይህን ሰምቶ፣ «አሁን ነው አዳኝ የሆንከው ልጄ» አለው አሉ። ሸኾቹም ቢሰሙት በሌላ ቋንቋ ይህንኑ የሚሉት ይመስለኛል።

አላህ ከእጃችንም ከአንደበታችንም የሚወጣውን ያሳምርልን። የወጣውንም እስከ መጨረሻው የምንከታተል ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።